ከኦክ ጣውላ ደጋን መሥራት፦ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የያዝኩት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017

ዛሬ ጣውላ ስመርጥ ዋልኩ። ያለሁት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እንጨት መሸጫው ውስጥ መደርደሪያ ሥር ተንበርክኬ አርባ የሚሆን የቀይ ኦክ ጣውላ አንድ በአንድ አገላበጥኩ። ከአርባው ሦስት ለየሁ። ከሦስቱ አንዱን ገዛሁ። ርዝመቱ 6 ጫማ ነው፤ 183 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ወርዱ 38 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 19 ሚሊ ሜትር።

ከዚህ ጣውላ ደጋን ልሠራ ነው። በክበባችን የውሰት ደጋን ዒላማ ስመታ ሁለት ዓመት ሞላኝ። አሁን በእጄ የሠራሁትን መያዝ አማረኝ። የሚያስተምሩኝ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። ስንት ደጋን እንደሠሩ ስጠይቃቸው መቁጠር ከተዉ ቆይተዋል። የሰጡኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ «መስመሩን ተመልከት።»

መስመር ያሉት በጣውላው ፊት ላይ የሚታየውን ጭረት ነው። ጭረቱ የእንጨቱ ቃጫ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል። ለደጋን በሚሆን ጣውላ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መሀል ላይ ወደ ጎን ሾልኮ ከወጣ ቃጫው እዚያ ተቆርጧል ማለት ነው። ደጋኑ ሲጎብጥ መሰንጠቅ የሚጀምረውም ከዚያው ነው። ፊቱን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ጎኑም መታየት አለበት። ጉጥ ያለበትን ጣውላ ከነጭራሹ ማንሳት አያስፈልግም።

የኔው ፊቱ ቀጥ ያለ ነው። ጎኑ ላይ፣ ከአንዱ ጫፍ ሁለት ስንዝር ገባ ብሎ፣ ትንሽ ያዘነበለ መስመር አለ። ያልፋል ብዬ ገዛሁት።

እሑድ፣ መጋቢት 7

ማስታወሻውን በአማርኛ ለመያዝ ወሰንኩ። ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ቃል ጠፋኝ። ቀስት ልበል ወይስ ደጋን? ብዙ ሰው ቀስት ሲል የሚወረወረውንም የሚወረውረውንም ማለቱ ነው። እንዲህ ላለ ሥራ ግን አይመችም። «ቀስቱ ተሰበረ» ብዬ ብጽፍ አንባቢው ምኑ እንደተሰበረ አያውቅም። ስለዚህ የሚጎብጠው ደጋን፣ የሚበረው ፍላጻ ብዬ እለያቸዋለሁ። የሚተኩሰውን ሰው መጽሐፍ ቅዱሳችን ቀስተኛ ይለዋል፤ እስማኤል ቀስተኛ ነበር። እሱን አልነካውም።

ከሰዓት በፊት እማዬ ጋ ደወልኩ። ባህር ዳር ነው ያለችው።

«እማዬ፣ ደጋን ልሠራ ነው።»

«ጥጥ ልትነድፍ?» አለችኝ።

ለካ የአያቴ ደጋን ኖሯል። እኔ አላየሁትም። እማዬ ግን ልጅ ሆና በየቀኑ ትሰማው ነበር። ጥጡ መጀመሪያ በመዳመጫ ይዳመጥና ፍሬው ይወጣል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑን ጅማት ጥጡ ውስጥ አስገብተው ሲነዝሩት ጥጡ ይፈታታል፤ ይነፋፋል። ያ ባዘቶ ይሆናል። ከባዘቶው በኋላ እንዝርት ነው።

«ድምፁ ከጓሮ ይሰማል» አለች። «ጅማቱ ላልቶ እንደሆነ አያትህ በድምፁ ታውቅ ነበር።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነደፈ የሚለው ቃል ላይ ቆየሁ። ንብ ትነድፋለች። ጥጥ ይነደፋል። ዕቅድም ይነደፋል። በግዕዙ ደግሞ በፍላጻ መውጋትም መንደፍ ነው። ይህንን ሁሉ አንድ ቃል ሲሸከመው ደስ ይላል።

የደጋኑን አካላት እንዲህ ብዬ ሰየምኳቸው። ወደ ዒላማው የሚዞረው ፊት ጀርባ ነው። ወደ ቀስተኛው የሚዞረው ሆድ ነው። መጀመሪያ ግር ይላል፤ ምክንያቱም የምናየው ሆዱን ነው። ደጋኑ ግን እንደ ሰው ነው የሚጎብጠው። ሲጎነበስ ጀርባው ይለጠጣል፣ ሆዱ ይጨማደዳል። ከመያዣው ወደ ላይና ወደ ታች የሚወጡትን ሁለቱን ክንፍ አልኳቸው። ክንድ ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ከራሴ ክንድ ጋር ይምታታል። ገመዱ አውታር ነው። መዝሙረ ዳዊት ላይ ያለ ቃል ነው፣ ለመሰንቆም ይሆናል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ቅርጹን አወጣሁ። መሀሉ ላይ አንድ ጋት ተኩል ለመያዣ ተውኩ። ክንፎቹ እስከ ግማሻቸው ሙሉውን 38 ሚሊ ሜትር ወርድ ይዘው ይሄዳሉ። ከዚያ እየጠበቡ ጫፋቸው 12 ሚሊ ሜትር ላይ ያበቃል። በመጋዝ ቆርጬ በመላጊያ አስተካከልኩ። መያዣው ላይ ሌላ ቁራጭ ኦክ በኮላ ለጥፌ በሞርሳ አሰርኩት። እስከ ነገ አይነካም።

መምህሬ ዛሬ የነገሩኝን ስልኬ ላይ ጽፌዋለሁ። ወርድን በግማሽ ብትቀንስ የክንፉ ጥንካሬ በግማሽ ይቀንሳል። ውፍረትን በግማሽ ብትቀንስ ግን ጥንካሬው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። አሥር ሚሊ ሜትር ከነበረ ክንፍ ላይ አንዷን ሚሊ ሜትር ብቻ ብትፍቅ ከጥንካሬው ከሩብ በላይ ይሄዳል። ደጋን ሠሪ ወረቀት የምታህል ፍቅፋቂ አውጥቶ ቆም ብሎ የሚያየው ለዚህ ነው። የወጣው እንጨት አይመለስም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ። ሆዱን በሻካራ ሞረድ አሳሳሁ። ጀርባው አይነካም። ጀርባ ላይ አንድ ጭረት ማበላሸት የመሰንጠቂያ በር መክፈት ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ዛሬ ዋናው ሥራ ተጀመረ። እንግሊዝኛው ለዚህ የራሱ ቃል አለው። እኔ መግራት ብዬዋለሁ። በቅሎ እንደሚገራው ነው። እንጨቱ ተጎብጦ አያውቅም፤ ቀስ እያሉ ያስለምዱታል። ዛሬ አንድ ስንዝር፣ ነገ ትንሽ ጨምሮ። ሁለቱም ክንፍ እኩል እስኪታዘዝ ድረስ።

አሠራሩ ይህ ነው። ግድግዳ ላይ አንድ ቋሚ እንጨት አለ። ደጋኑ አናቱ ላይ በአግድም ይቀመጣል። ረዘም ያለ አውታር ይታሰርለታል። አውታሩ ላይ የተያያዘ ገመድ ወለሉ ላይ ባለ መዘውር አልፎ እኔ እጅ ይመጣል። ሦስት ሜትር ርቄ ገመዱን ስስብ ደጋኑ ፊት ለፊቴ ይጎብጣል። መሀል ላይ የተንጠለጠለው ሚዛን ስንት ፓውንድ እንደሆነ ያሳያል።

የማየው ቅስቱን፣ ማለትም የጎበጠበትን ቅርጽ ነው። አንዱ ክንፍ ከሌላው ይልቅ ግትር ከሆነ ከግትሩ ሆድ ላይ ይፋቃል። አንድ ቦታ ላይ እንደ ክርን የሚታጠፍ ነገር ካለ ያ ቦታ ሳስቷል ማለት ነው። እሱን ትቶ ዙሪያውን መፋቅ ነው። ይህን ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ። ዓይኔ የሚሄደው ችግሩ ወዳለበት ነው፤ እጄ መሄድ ያለበት ግን ወደ ሌላው ቦታ ነው። ከእያንዳንዱ ፍቀት በኋላ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ሳብ ለቀቅ ይደረጋል፤ እንጨቱ ለውጡን የሚያሳየው ከዚያ በኋላ ነው።

የምፈልገው 28 ኢንች፣ ማለትም 71 ሳንቲ ሜትር ሲገተር 40 ፓውንድ ነው። ወደ 18 ኪሎ ግራም ነው። ከዚያ ክብደት በላይ በምንም ርቀት ላይ አይሳብም። ሕጉ ይሄ ነው። ሲመሽ 17 ኢንች ደረስኩ።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ተሰበረ።

22 ኢንች ላይ ነበር። ድምፁ ጥይት ይመስላል። የላይኛው ክንፍ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ጣሪያ ነካ። የዓይን መከላከያ አድርጌ ነበር፣ ራቅ ብዬም ነበር። ምንም አልሆንኩም። ልጄ ከላይ ቤት እየሮጠች ወረደች። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት።

«አባዬ፣ ምን ሆነ?»

ስብርባሪውን አብረን ሰበሰብን። ወለሉ ላይ አስቀምጠን ስንገጣጥመው ስንጥቁ የጀመረበት ቦታ ግልጽ ሆነ። ከጫፉ ሁለት ስንዝር ገባ ብሎ። ያ ያዘነበለ መስመር። ቃጫው ከጀርባው ሾልኮ የወጣበት ቦታ ላይ እንደ ስንጥር ተነስቷል።

ያየሁትን ነገር ነው አልፌ የገዛሁት። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሠራሁት ሥራ መጀመሪያውኑ መደርደሪያው ሥር አልቆ ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

አዲስ ጣውላ። ሌላ መሸጫ ሄጄ ነው ያገኘሁት። በአራቱም ጎን ከጫፍ ጫፍ ቀጥ ያለ። ሁለተኛ ስህተት ላለመሥራት ልጄን ይዣት ሄድኩ። እሷ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ሆነን መስመሩን በጣታችን ተከተልን። ከእኔ ይልቅ እሷ ጨካኝ መራጭ ናት። እኔ የወደድኳቸውን አምስቱን ጣለቻቸው።

በዚህኛው ጀርባ ላይ የተልባ ጨርቅ እለጥፍበታለሁ። ጨርቁ ከተልባ ግንድ ቃጫ የሚሠራ ነው። እኛ አገር ተልባን ለፍሬው እንጂ ለጨርቅ አናውቀውም። ግን ቃጫው ጠንካራ ነው፣ ብዙም አይለጠጥም። ጀርባ ላይ ሲለጠፍ ትንንሽ ስንጥር እንዳይነሳ አፍኖ ይይዛል። በነጠላ ይሆን እንደሆነ መምህሬን ጠይቄያቸው ነበር። ጥጥ ስለሚለጠጥ ብዙም አይረዳህም አሉኝ።

ኮላው እስኪደርቅ ስጠብቅ ስለ ኦትዚ አነበብኩ። በ1991 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር ላይ፣ በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ የተገኘው ሰው ነው። ከ5,000 ዓመት በፊት የኖረ ነው። አጠገቡ ደጋን ነበር። ቁመቱ 182 ሳንቲ ሜትር፤ ከኔ ጣውላ ጋር እኩል ማለት ይቻላል። ደጋኑ ግን አላለቀም። የመፍቂያው ምልክት ገና ላዩ ላይ ነበር፣ አውታርም አልነበረውም። በአፎቱ ውስጥ ከነበሩት 14 ፍላጻዎች ያለቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ያ ሰው ሥራውን ሳይጨርስ ነው የሞተው። ካነበብኩት በኋላ የተሰበረውን ደጋን መጣል አልቻልኩም። ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

ሁለተኛው እየተገራ ነው። ዛሬ ከጠዋት እስከ ምሳ 20 ኢንች ደረስኩ። የታችኛው ክንፍ ትንሽ ግትር ነበር፤ በብረት መፋቂያ ቀስ ብዬ አስተካከልኩት። የታችኛው በጥቂቱ ግትር ሆኖ መቅረት አለበት፤ ምክንያቱም እጅ ደጋኑን የሚይዘው ከመሀሉ ዝቅ ብሎ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ወሰንኩ። 40 ፓውንዱን ትቼ 35 ላይ አቆማለሁ። ወደ 16 ኪሎ ግራም ነው። ለዒላማ ይበቃል፣ እንጨቱም ያርፋል።

ልጄ ደጋኑን አንስታ ያለ ፍላጻ ስባ ልትለቀው ነበር። ጮህኩባት፤ በኋላ ይቅርታ ጠየቅኳት። ግን ይሄ በየትኛውም ደጋን ላይ አይደረግም። ፍላጻው ይዞት የሚሄደው ኃይል ፍላጻ ከሌለ እዚያው ክንፉ ውስጥ ይቀራል። ስንቱ ጥሩ ደጋን በእንዲህ ያለ ጨዋታ ተሰንጥቋል።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ዛሬ ሥራ የለም። ነገ ፋሲካ ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

ተወጠረ! አጭሩ አውታር ለመጀመሪያ ጊዜ ገባለት።

አውታሩን ራሴ ነው የገመድኩት። ዳክሮን የሚባል የፖሊስተር ክር ነው፤ 12 ነጠላ ክር ለሁለት ተከፍሎ እርስ በርሱ ይገመዳል። ዘመናዊዎቹ ጠንካራ ክሮች እምብዛም አይለጠጡም። ፍላጻውን ያፈጥናሉ፤ ግን ለእንጨት ደጋን ጫፍ ይከብዱታል። ዳክሮን ትንሽ ስለሚለጠጥ ግፊቱን ያለዝበዋል። የገመድኩትን በሰም አሸሁት።

ጫፎቹ ላይ አውታሩ የሚቀመጥበትን ጎድጎድ በክብ ሞረድ በሰያፍ ቆረጥኩ። ጎድጎዱ ጎንና ጎኑን ነው የሚቆረጠው። ጀርባው ላይ አቋርጦ እንዳያልፍ፤ ያ ቃጫ መቁረጥ ነው።

ሲወጠር በመያዣውና በአውታሩ መካከል ያለው ርቀት ይለካል። የጥንት እንግሊዞች በጭብጥ ይለኩት ነበር። ጭብጥህን መያዣው ላይ አድርገህ አውራ ጣትህን ቀና ስታደርግ አውታሩን ከነካ ልክ ነው። ይሄ ደስ አለኝ። ስንዝር፣ ጋትና ክንድ ይዞ ላደገ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የኔው 15 ሳንቲ ሜትር ሆነ።

አውታሩን ስፈታው ደጋኑ ሙሉ በሙሉ አልቀናም። 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ጎብጦ ቀረ። ሆዱ ተጨማዶ ያልተመለሰው ነው። መምህሬ አይተው ለኦክ ጣውላ ደህና ነው አሉኝ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

ዛሬ የፍላጻ ቀን። ከአሁን በኋላ ያለው ሥራ ከደጋኑ ይልቅ ይመስጠኛል።

12 የዝግባ ዘንግ ገዛሁ። ከኦሪገን የሚመጣ፣ ሽታው የሚጣፍጥ የዝግባ ዓይነት ነው። ውፍረታቸው 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለዓይን ሁሉም አንድ ናቸው። ግን አይደሉም። አንዱ ቶሎ ይጎብጣል፣ ሌላው አይጎብጥም። ይህንን ባሕርይ ግትርነት ብዬዋለሁ። ደጋንን ገተረ ከምንለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። ግትር ሰውም ከዚሁ ነው የመጣው።

መለኪያውን ቤት ውስጥ ሠራሁ። ሳንቃ ላይ ሁለት ምስማር በ26 ኢንች (66 ሳንቲ ሜትር) ርቀት መታሁ። ዘንጉ በምስማሮቹ ላይ ይጋደማል። መሀሉ ላይ 2 ፓውንድ ይንጠለጠላል። ክብደት ስላልነበረኝ ሽሮ በፌስታል ቋጥሬ በወጥ ቤት ሚዛን 907 ግራም አደረግሁት። ከዚያ ዘንጉ ስንት ኢንች እንደጎበጠ ይለካል። 26ን ለዚያ ቁጥር ስታካፍል የሚስማማው የደጋን ክብደት ይወጣል። 0.65 ኢንች ከጎበጠ 40 ፓውንድ፣ 0.74 ከሆነ 35 ፓውንድ። ያለ ምንም ማሽን።

ከ12ቱ 7ቱ በ35 እና በ40 መካከል ወጡ። 3ቱ ከ45 በላይ ግትር ናቸው። 2ቱ ከ32 በታች። ለየብቻ አሰርኳቸው። ባለቤቴ ሽሮዋን መልሳ ወሰደች።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

ላባ ለጠፍን። የቱርክ ዶሮ ላባ ነው፤ ተቆርጦ ይሸጣል። ለአንድ ፍላጻ ሦስት። ሦስቱም ከዶሮው አንድ ወገን ክንፍ መምጣት አለባቸው፤ ከግራ ክንፍ ከሆኑ ሁሉም ከግራ። ላባ ተፈጥሮው ጠመም ያለ ስለሆነ ፍላጻውን በአየር ላይ ያሽከረክረዋል። ከቀኝና ከግራ ከተቀላቀለ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ያዞራል።

ልጄ ከመናፈሻ ያገኘችውን ረጅም የጭልፊት ላባ ይዛ መጣች። በጣም ያምራል። ግን እዚህ አገር የአብዛኞቹን የዱር ወፎች ላባ መሬት ወድቆ ቢገኝ እንኳ ማንሳት ክልክል ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1918 ጀምሮ የቆየ ሕግ አለ፣ ወፎቹን ከአዳኝ ለማዳን የወጣ። እያዘነች መልሳ ወስዳ አኖረችው።

ሦስቱ ላባዎች በእኩል ርቀት ይለጠፋሉ። አንደኛው ቀለሙ ይለያል። እሱን መሪ ላባ አልነው። ፍላጻው አውታሩ ላይ ሲቀመጥ መሪው ላባ ከደጋኑ ወደ ውጭ ይዞራል። እንዲያ ከሆነ የተቀሩት ሁለቱ ደጋኑን ብዙም ሳይነኩ ያልፋሉ። የፍላጻውን ኋላ፣ አውታሩን የሚነክሰውን ስንጥቅ ልጄ አፍ አለችው። አፍ ብለን ጻፍነው።

ከፊት 125 ግሬን የሚመዝን የብረት ሹል ገባለት። 8 ግራም ነው። ፍላጻ ከፊቱ ከበድ ማለት አለበት፤ አለዚያ አቅጣጫ አይይዝም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

ዛሬ ተተኮሰ።

ጠዋት 28 ኢንች ሙሉ ተገተረ። ሚዛኑ 34 ፓውንድ አለ። ከቋሚው እንጨት ላይ አውርጄ በእጄ ያዝኩት። መያዣው ላይ እማዬ ካሁን በፊት የላከችልኝን የእጅ ፈትል ጠምጥሜበታለሁ። ላብ ይመጥጣል፣ አያንሸራትትም።

ክበቡ ሜዳ ላይ 10 ሜትር ቆምኩ። መምህሬ ከጎኔ ናቸው። ለእርሳቸው በእንግሊዝኛ፣ ለራሴ በአማርኛ እየደገምኩ ነው የተኮስኩት። አቁም፦ እግር በትከሻ ልክ፣ ጎን ለዒላማው። አጉርስ፦ የፍላጻው አፍ አውታሩን ይንከስ። ግተር፦ በክንድ ሳይሆን በጀርባ ጡንቻ። አሳርፍ፦ እጅ ሁልጊዜ አንድ ቦታ፤ የኔ ሌባ ጣት ከአፌ ጥግ። ልቀቅ፦ ጣቶቹ ይላሉ እንጂ አይከፈቱም። ቆይ፦ ፍላጻው ዒላማው እስኪደርስ እጅ አይወርድም።

የመጨረሻው ነው ከባዱ። ሁሉም ሰው ፍላጻው የት እንደወደቀ ለማየት ይቸኩላል። ደጋኑን ዝቅ ያደርጋል። ዝቅታው ደግሞ ፍላጻው ገና ሳይለቅ ይጀምራል።

አውታሩን የምይዘው በሦስት ጣት ነው። አንዱ ከፍላጻው በላይ፣ ሁለቱ ከታች። ሞንጎሎች፣ ቱርኮችና ኮሪያዎች በአውራ ጣት ነው የሚስቡት፤ ጣታቸው እንዳይቆረጥ ቀለበት ያደርጋሉ። በጎረቤታችን ሱዳን፣ በጥንቷ ኑብያ መቃብሮች ውስጥ ከድንጋይ የተሠሩ የአውራ ጣት ቀለበቶች ተገኝተዋል። ግብፆች ያንን አገር ታ-ሴቲ ይሉት ነበር፤ የደጋን አገር ማለት ነው። ቀለበቱን አንድ ቀን እሞክረዋለሁ።

አሁን ወደ ፍላጻዎቹ። መጀመሪያ 7ቱን ተኮስኩ። የዒላማው መሀል፣ ቢጫው አካባቢ ተሰበሰቡ። ቀጥሎ 3ቱን ግትሮች። ሦስቱም ወደ ግራ ሄዱ። ቀጥሎ ሁለቱን ልሞች። ወደ ቀኝ። በዓይኔ አየሁት። ያው ሰው፣ ያው ደጋን፣ ያው ቀን።

ምክንያቱ የሚገርም ነው። ፍላጻው የሚቀመጠው ከደጋኑ በግራ ጎን ነው። አውታሩ ሲለቀቅ ግን የሚሮጠው ወደ ደጋኑ መሀል ነው። ስለዚህ ፍላጻው መያዣው ላይ መጋጨት ነበረበት። አይጋጭም። ሲገፋ እንደ እባብ ይጎብጣል፤ መያዣውን ዞሮ ያልፍና እየተወዛወዘ ይቀናል። በጣም ግትር ከሆነ አይጎብጥም፤ መያዣው ወደ ግራ ይገፋዋል። በጣም ልም ከሆነ ከሚገባው በላይ ዞሮ ወደ ቀኝ ይወጣል። አሜሪካዊው ሮበርት ኤልመር ከመቶ ዓመት በፊት ይህንን የቀስተኛ እንቆቅልሽ ብሎ ሰየመው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ደግሞ ክላረንስ ሂክማን የተባለ የፊዚክስ ሰው በፈጣን ካሜራ ቀርጾ አሳየው። ከዚያ በፊት ቀስተኞች በሺህ ዓመታት ውስጥ ፍላጻቸውን እየመረጡ ሲኖሩ ውዝዋዜውን ማንም በዓይኑ አላየውም ነበር።

ግትሮቹን አልጥላቸውም። ሹላቸውን ከበድ ካደረግሁት ልም እንደሆኑ ይቆጠራል። ቀሪውን በሳምንቱ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2

ሦስቱ ግትሮች 160 ግሬን ሹል ገባላቸው። ሁለቱ ከቡድኑ ገቡ። ሦስተኛው አሁንም በግራ በኩል ጥቁሩን ይመታል።

ሌላው ችግር ድምፅ ነው። ስተኩስ አውታሩ ይጮሃል፤ ክንፎቹ በእጄ ላይ ይርገበገባሉ። 18 ሜትር ሄጄ 40 ሳንቲ ሜትር ዒላማ ላይ ስሞክር ቢጫው፣ 8 ሳንቲ ሜትሩ፣ ውስጥ አንድ ብቻ ገባ። ሌሎቹ ቀዩና ሰማያዊው ላይ ተበተኑ።

ቤት ገብቼ እማዬ ጋ ደወልኩ። እዚያ አመሻሽ ላይ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ አውታሩን በጣቴ ነዘርኩት። ሁለት ጊዜ።

«ላልቷል» አለች ወዲያው።

«ይሄኮ የጥጥ አይደለም፣ እማዬ።»

«የጥጥ ይሁን የፈለገው ይሁን፣ ላልቷል። ጅማቱን አክርረው።»

የተገመደ አውታር ጥሩነቱ ይሄ ነው። አንዱን ጫፍ አውጥተህ ጥቂት ጊዜ ብታከረው ያጥራል። ሲያጥር በመያዣውና በአውታሩ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፤ ፍላጻው ቀድሞ ይለቅቃል፣ መርገብገቡ ይቀንሳል። አሥር ዙር አከረርኩት። 15 የነበረው 16 ተኩል ሳንቲ ሜትር ሆነ። መልሼ ነዘርኩት።

ዝም ብላ አዳመጠች።

«እንደሱ» አለች። «አሁን ደጋን ሆነ።»

ነገ ጠዋት እንደገና 18 ሜትር። ቫርኒሹን ገና አልቀባሁትም፤ ፍላጻዎቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ነው።